ተገጣጣሚ የታንክ ሞዴል በደሴና በኮምቦልቻ አየር፦ ከማጠብ እስከ መጨረሻው ቀለም

የፕላስቲክ ታንክ ጀምረው ያቋረጡ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ይዘውልኝ የሚመጡት ጉድለት ከሦስት አይዘልም። አንደኛው ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አቅልጦ የጣት አሻራ ታትሞበታል፤ ሁለተኛው ታንኩ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ እግሩ እንደተበላ በርጩማ ይንገዳገዳል፤ ሦስተኛው ቀለሙ ወፍሮ የብሎን ራሶቹንና የክዳን ማጠፊያዎቹን ውጧቸዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት የተፈጸሙ ስሕተቶች ስለሆኑ ይህ መመሪያ በዝግጅትና በመገጣጠም ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ለምሳሌነት የወሰድኩት ቲ-55 ታንክን ነው፤ በአገራችን ሠራዊት ለረጅም ዓመታት ስላገለገለ ቅርጹን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። አፈሙዙን ሳይጨምር የእውነተኛው ታንክ ርዝመት 6.45 ሜትር፣ ወርዱ 3.27 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ1/35 ልኬት የተሠራው ሞዴል 18.4 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 9.3 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ በ1/72 ልኬት ግን ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ለመጀመሪያ ሥራ 1/35 ይምረጡ፤ ክፍሎቹ በቁጥር ቢበዙም በጣት ይያዛሉ። በዚህ ጽሑፍ የታንኩን ዋና አካል ቀፎ፣ መድፉን ይዞ የሚዞረውን የላይኛውን ክፍል ጉልላት፣ የመድፉን ቱቦ ደግሞ አፈሙዝ እለዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ አየሩንና ወሩን ይወቁ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ሐረጎን የወረደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አየሩ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲሸፍን ቀለም ለመድረቅ ይዘገያል፤ ከቆርቆሮ የሚረጭ ቀለምም እርጥበት ይይዝና ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። በኮምቦልቻ የበጋ ቀትር ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል፣ የመንገዱም አቧራ በእርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የደሴ ነዋሪ ከሆኑ ክረምቱን ለመቁረጥ፣ ለማጽዳትና ለመገጣጠም ይጠቀሙበት፤ ቀለሙን ከጥቅምት በኋላ ያቆዩት። የግድ በክረምት መቀባት ካለብዎ ዝናቡ ያባራበትንና ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ጠብቀው በቀትር ይሥሩ። የኮምቦልቻ ነዋሪ ከሆኑ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት፣ በማለዳ ይቀቡ።

አንድ ልማድ ከአሁኑ ይያዙ። ክፍሎቹን አያይዞ ከመጣው የፕላስቲክ ፍሬም አንድ ጣት የሚያህል ቁራጭ ያስቀሩ፤ እኔ ምስክር እለዋለሁ። ማንኛውንም ማጣበቂያ፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሞዴሉ ላይ ከማድረግዎ በፊት ምስክሩ ላይ ይሞክሩት፤ ሞዴሉን በቀቡ ቁጥርም ምስክሩን አብረው ይቀቡት። መድረቁን ማወቅ ሲፈልጉ የሚነኩት ምስክሩን ነው እንጂ ታንኩን አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ኪቱን፣ ማለትም ያልተገጣጠሙትን የሞዴሉን ክፍሎች የያዘውን ሳጥን፣ አብዛኞቻችን የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመድዎን ኪቱን ብቻ እንዲያመጣ ይጠይቁት፤ ተቀጣጣይ የሆነው የሞዴል ማጣበቂያና በቆርቆሮ ያለ የሚረጭ ቀለም በመንገደኞች አውሮፕላን መጫን የተከለከለ ስለሆነ ከኪቱ ጋር ተቀላቅሎ ቢገኝ ሻንጣውን ያስይዝበታል። የተቀረውን እዚሁ እናሟላለን።

- ስለታም የጥፍር መቁረጫና አዲስ ምላጭ
- 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር የሆነ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት፤ ጋራዦች ለመኪና ቀለም የሚጠቀሙበት ነው
- የቅንድብ መንቀያ፣ የጥርስ እንጨት፣ የልብስ መቆንጠጫና ላስቲክ
- ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ እንዲሁም ቁጥር 0 እና ቁጥር 1 ቀጭን ብሩሾች
- ግራጫ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም)፣ አክሪሊክ ቀለም፣ በውሃ የሚቀጥን ግልጽ ቫርኒሽ
- ሱፐር ግሉ፣ ነጭ ኮላ፣ አኳራጅ፣ ጥቂት የጋራዥ ቲነር
- ወደ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የመስኮት መስታወት ቁራጭ፤ ጠርዙን መስታወት ቆራጩ እንዲያለዝብልዎ ይጠይቁ

መስታወቱን እንደ ትርፍ ነገር አይዩት። ጠረጴዛችን ሁሉ ጠመዝማዛ ነው፤ ቀጥ ያለ ነገር በቤት ውስጥ ከመስታወት ሌላ አይገኝም።

ደረጃ 1፦ መቁጠርና ማጠብ

1. የመመሪያ ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፤ በየሥዕሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች በፍሬሞቹ ላይ መኖራቸውን ያረጋግጡ።
2. ክፍሎቹን ከፍሬሙ ሳያላቅቁ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ፋብሪካው ፕላስቲኩን ከቅርጹ ለማላቀቅ የተጠቀመበት ቅባት ካልታጠበ ቀለሙ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል።
3. ውሃውን ሲያፈሱ ከሥር ወንፊት ያድርጉ፤ የሚወድቅ ክፍል ቢኖር እዚያ ይቀራል።
4. በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ያሳድሩ።

ክፍሉ ተጣሞ ከመጣ በምጣድም በእሳትም አያሙቁት። ውሃ ያፍሉ፣ ከእሳት ያውርዱ፣ የተጣመመውን ክፍል ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ሰከንድ ነክረው በቀስታ ያቅኑት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሆነ ወፍራም ክፍል አንዴ በመንከር ላይቃና ይችላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት እንጂ በጉልበት አያጥፉት።

ደረጃ 2፦ መቁረጥና ማጽዳት

ጭንዎ ላይ ነጠላ ዘርግተው ይቀመጡ። ከቅንድብ መንቀያ ተስፈንጥሮ የሚወድቅ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ካረፈ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፤ ጨርቅ ላይ ካረፈ ግን እዚያው ይቆያል። የጠፋ ክፍል ሲፈልጉ መብራቱን አጥፍተው ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድመው ያብሩት፤ ጥቃቅኗ ነገር ረጅም ጥላ ስለምትጥል ትታያለች።

ክፍሉን በሁለት ጊዜ ይቁረጡ፦ መጀመሪያ ከክፍሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ ቀጥሎም ጠጋ ብለው። በአንድ ጊዜ ጠግተው ከቆረጡ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ተቦጭቆ ጉድጓድ ይተዋል፤ ቀጭን ክፍል ደግሞ ይሰበራል። የቀረውን ጉብታ በምላጭ ይላጩ፤ ምላጩን ከራስዎ ወደ ውጭ ይግፉት። ከዚያ በ400፣ ቀጥሎም በ600 ወረቀት ያለስልሱ። በክፍሉ ዙሪያ እንደ ፀጉር የሚታየውን የቅርጽ መስመር ምላጩን አቁመው በመፋቅ ያጥፉት። ቀለም ይህን መስመር አይሸፍነውም፤ እንዲያውም ያጎላዋል።

ለአንድ ሥዕል የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ብቻ ይቁረጡ። ሁሉንም አንድ ላይ ቆርጦ በሳህን ያከማቸ ሰው የትኛው የጎማ ክንድ (ጎማውን ከቀፎው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የቀኝ፣ የትኛው የግራ እንደሆነ በኋላ ሊለይ አይችልም።

ደረጃ 3፦ ማጣበቂያውን ማዘጋጀትና መጠቀም

እውነተኛው የሞዴል ማጣበቂያ ከወረቀት ኮላ የተለየ ነው። የሁለቱን ክፍሎች ገጽ በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል፤ ፈሳሹ ሲተን መጋጠሚያው ራሱ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ይህ ማጣበቂያ ከሌለዎ የጋራዥ ቲነር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም ብዙውን ሞዴል ያጠፋው ይኸው ቲነር ስለሆነ በልኩ መጠቀምን ይማሩ።

1. ያለቀ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ከነብሩሹ ይፈልጉ፤ በጥቂት ቲነር አጥበው ያድርቁት።
2. ሁለት እንዲህ ያሉ ጠርሙሶች ይያዙ። በአንዱ ንጹሕ ቲነር እስከ ሲሶው ይሙሉ፤ ይህ ቀጭኑ ማጣበቂያ ነው።
3. በሁለተኛው ተመሳሳይ መጠን ያለው ቲነር ጨምረው የፍሬም ቁርጥራጮችን ይክተቱበትና ያሳድሩት። በማግስቱ እንደ ማር ከወፈረ ወፍራሙ ማጣበቂያ ተዘጋጀ። ከቀጠነ ፍሬም፣ ከጠጠረ ጥቂት ቲነር ይጨምሩበት።
4. ሁለቱንም በምስክሩ ላይ ይሞክሩ።

ቲነሩን ስስ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ አይገልብጡት፤ ኩባያው ይሟሟና ጠረጴዛዎ ላይ ይፈስሳል።

ቀጭኑን ማጣበቂያ ሲጠቀሙ ሁለቱን ክፍሎች በመጀመሪያ ደረቁን ገጥመው ይያዙ፤ ከዚያ ብሩሹን በጠርሙሱ አፍ ጠርገው ጫፉን ብቻ ወደ መጋጠሚያው ያስነኩ። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሮጦ ይገባል። ጣትዎ በመጋጠሚያው ላይ ካለ ግን ከጣትዎ ሥር ሰርጎ አሻራዎን እዚያው ያትማል፤ መጀመሪያ የጠቀስኩት ጉድለት የሚመጣው በዚህ ነው። ማጣበቂያው ገጹ ላይ ከፈሰሰብዎ አይጥረጉት። ሳይነኩ ሌሊቱን ይተዉትና ሲጠጥር በ600 ወረቀት ያለስልሱት፤ ሲጠርጉት አንድ ነጥብ የነበረው ጉዳት ሰፊ ጠባሳ ይሆናል።

ሱፐር ግሉን ለብረታ ብረትና ለላስቲክ ክፍሎች፣ እንዲሁም በኋላ ለጥገና ብቻ ያቆዩ። እንደ መብራት መስታወት ያሉ ግልጽ ክፍሎች በሱፐር ግሉ ጭስ ነጭ ስለሚሆኑ በነጭ ኮላ ያጣብቋቸው፤ ኮላው ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ። የቲነር ትነት ከመርዛማነቱ በላይ በእሳት በቀላሉ ይያያዛል። ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ወይም ሻማ በበራበት ክፍል ጠርሙሱን ፈጽሞ አይክፈቱ። መብራት ከጠፋ ሥራውን ያቁሙ እንጂ ሻማ አብርተው አይቀጥሉ። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ደሴ ቢበርድም ጋቢ ይደርቡ እንጂ መስኮቱን አይዝጉ። ልጆች ይህን ደረጃ ያለ አዋቂ አይሥሩ።

ደረጃ 4፦ ቀፎውና ጎማዎቹ

ታንኩ ቀጥ ብሎ መቆሙና አለመቆሙ የሚወሰነው እዚህ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ይህ ደረጃ ነው።

ቲ-55 በእያንዳንዱ ጎን አምስት የመሬት ጎማዎች አሉት። በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ በግልጽ ይሰፋል፤ ይህ የታንኩ መለያ እንጂ የኪቱ ስሕተት ስላልሆነ ጎማዎቹን እኩል ለማራራቅ አይሞክሩ። ሰንሰለቱን የሚነዳው ባለ ጥርስ ጎማ በኋላ በኩል፣ ማወጠሪያው ጎማ ደግሞ በፊት በኩል ነው።

1. የቀፎውን ጎኖች፣ ወለልና የኋላ ግድግዳ ሳያጣብቁ ገጥመው በላስቲክ ይሰሩ። መስታወቱ ላይ ያስቀምጡና በአራቱም ማዕዘን እየተጫኑ ይንገዳገድ እንደሆነ ይዩ። የተጣመመ ካለ አሁን ያቅኑ።
2. ማዕዘኖቹን በቀጭኑ ማጣበቂያ ያስይዙ፤ ላስቲኩን ሳይፈቱ መስታወቱ ላይ ያሳድሩ።
3. የአንዱን ጎን አምስት የጎማ ክንዶች አከታትለው ይለጥፉ፤ ማጣበቂያው ለስላሳ ሳለ የሁለተኛውን ጎን ይጨምሩ። እዚህ ላይ ወፍራሙ ማጣበቂያ ይሻላል፤ ለማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል።
4. ጎማዎቹን ሳያጣብቁ በክንዶቹ ላይ ይሰኩና ቀፎውን መስታወቱ ላይ ያቁሙ። ክብደት እንዲሆነው ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች በቀፎው ውስጥ ያጋድሙ።
5. ቀጭን ወረቀት በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ለማሳለፍ ይሞክሩ። ወረቀቱ በነፃ የሚያልፍበት ጎማ ተንጠልጥሏል፤ ክንዱን በጥርስ እንጨት ወደ ታች ይጫኑት። ዐሥሩም ጎማዎች ወረቀቱን እኩል ሲይዙ ምንም ሳይነኩ አንድ ሌሊት ይተዉት።
6. በማግስቱ ጎማዎቹን ያውጡ። ከተቀቡ በኋላ ነው የሚጣበቁት።

ከደረቀ በኋላ ተንጠልጣይ ጎማ ካገኙ ክንዱን አይጠምዝዙት፤ ይሰበራል። በመጋጠሚያው ላይ ቀጭኑን ማጣበቂያ በብሩሽ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነኩ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ሲለሰልስ ያስተካክሉና እንደገና ከባትሪ ድንጋዮቹ ጋር መስታወቱ ላይ ያሳድሩት። እምቢ ካለ ክንዱን በምላጭ ቆርጠው እንደ አዲስ ይለጥፉት።

እያንዳንዱ የመሬት ጎማ ከውስጥና ከውጭ ሁለት ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሰንሰለቱ ጥርሶች የሚያልፉት በሁለቱ መካከል ነው። ጎማውን ሲያጣብቁ በዚያ ክፍተት ያፈተለከ ማጣበቂያ ካለ ይፋቁት፤ አለበለዚያ ሰንሰለቱ አይቀመጥም።

በአንድ ክረምት ቀፎው ቶሎ እንዲደርቅልኝ ብዬ ከከሰል ምድጃ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስቀመጥኩት። የቀኙ የጭቃ መከላከያ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር፤ ምንም ያህል ሙቅ ውሃ አላቃናውም። ማድረቂያው ጊዜ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ጉልላቱና አፈሙዙ

ጉልላቱ ክብ ስለሆነ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መጋጠሚያ ጎልቶ ይታያል፤ በወፍራሙ ማጣበቂያ ይሙሉትና ሲጠጥር ያለስልሱት። አፈሙዙ በሁለት ግማሽ የመጣ ከሆነ ሁለቱን ግማሾች ሲያጣብቁ ጫፎቹ እኩል መሆናቸውን ይመልከቱ፤ በሦስት መቆንጠጫ አስረው መስታወቱ ላይ አጋድመው ያሳድሩት። ሲያለሰልሱ ወረቀቱን በአፈሙዙ ዙሪያ ጠቅልለው ያዙሩት፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ከፋቁት ክብነቱ ይጠፋና ጠፍጣፋ ጎን ያወጣል። በቲ-55 አፈሙዝ ጫፍ ላይ ያለው ወፈር ያለ ክፍል የጭስ ማስወጫው ነው፤ በፍቆታ ብዛት እንዳይሳሳ ይጠንቀቁ።

የሬዲዮ አንቴናው ከተሰበረ ከፍሬም ይሥሩት። ማጣበቂያውና ቲነሩ ወደ ሌላ ክፍል ከተወሰዱ በኋላ ሻማ ያብሩ፤ ቀጭን የፍሬም ቁራጭ ከነበልባሉ ሁለት ጣት ከፍ አድርገው እያዞሩ ያሙቁ፤ ሲያብለጨልጭና ሲላላ ከሻማው አርቀው ሁለቱን ጫፎች በዝግታ ይሳቡ። ዝግታዎ ውፍረቱን ይወስነዋል።

ደረጃ 6፦ ስንጥቅ መሙላት

ጠባብ ስንጥቅን ወፍራሙ ማጣበቂያ ይሞላዋል። ሰፊ ከሆነ የጋራዥ ስቱኮ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በስሱ ብቻ ይቀቡት፤ ወፍራም ስቱኮ እየጠጠረ ሲሄድ ስለሚሞቅ ስስ ፕላስቲክን ያጣምማል። በ600፣ ከዚያም በ1000 ወረቀት ከውሃ ጋር ያለስልሱ። ጥፍርዎን በመጋጠሚያው ላይ ሲያሳልፉ የሚይዝዎ ነገር ከሌለ በቂ ነው።

ደረጃ 7፦ ፕራይመር

ሞዴሉን እንደገና በሳሙና ውሃ በቀስታ አጥበው ያድርቁት፤ ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት። ጎማዎቹን እያንዳንዳቸውን በጥርስ እንጨት ላይ ሰክተው በስታይሮፎም ወይም በድንች ላይ ያቁሟቸው።

የመኪና ፕራይመር አንዳንዱ ፕላስቲክ ይበላል፤ ስለዚህ ምስክሩን ይቀቡና አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ምስክሩ ከሻከረ ወይም በጥፍር ሲጫኑት ከለሰለሰ ያን ፕራይመር ይተዉት። ደህና ከሆነ ቆርቆሮውን ለሁለት ደቂቃ ያናውጡ፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ከሞዴሉ ውጭ ጀምረው ከሞዴሉ ውጭ እየጨረሱ በአጭር በአጭሩ ይርጩ። በመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩ ገና ሊታይ ይገባል። ነጭ ጭጋግ ካወጣ አየሩ እርጥብ ነበርና አይደርቡበት፤ ደረቅ ቀን ጠብቀው በ1000 ወረቀት በቀስታ አለስልሰው ይድገሙት።

የብረት በር መቀቢያ አንቲረስት አይጠቀሙ፤ ውፍረቱ ዝርዝሩን ሁሉ ይደፍናል።

ደረጃ 8፦ ዋናው ቀለም

ለሞዴል የተሠራ አክሪሊክ ካለዎ ማቅጠኛውን ጠርሙሱ ላይ ያንብቡ፤ አንዳንዱ በውሃ፣ እንደ ታሚያ (የጃፓን የሞዴል ኩባንያ) ያለው ደግሞ በአልኮል የሚቀጥን ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ የቱቦ አክሪሊክ ብቻ ካለዎ በፕራይመር ላይ በደንብ ይይዛል። ለሶቪየት ሥሪት ታንክ አረንጓዴ፣ አራት እጅ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንድ እጅ ቡናማ፣ አንድ እጅ ቢጫ በማደባለቅ ይጀምሩና በጥቂት ነጭ ያፍኩት። ሞዴል ትንሽ ስለሆነ እውነተኛው ቀለም በላዩ ሲቀባ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። ለጠቅላላው ሥራ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ በጥብጠው በሚከደን ብልቃጥ ያስቀምጡ፤ ቢያልቅብዎ ያንኑ መልክ ዳግመኛ ማግኘት አይችሉም።

1. ቀለሙን እንደ ወተት እስኪሆን ያቅጥኑ። ብልቃጡን ዘንበል አድርገው ሲመልሱት ግድግዳው ላይ ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት።
2. ብሩሹን እስከ ግማሽ ፀጉሩ ብቻ ነክረው ጠርዝ ላይ ያራግፉ።
3. በአንድ አቅጣጫ፣ ረዘም ባለ ጭረት ይቀቡ። የቀቡትን ቦታ ተመልሰው አይንኩ፤ በግማሽ የደረቀ አክሪሊክ በብሩሽ ሲነካ ተቦጭቆ ይነሣል።
4. የመጀመሪያው ዙር ቢያስጠላዎ አይደንግጡ። ግራጫው እየታየ፣ ዥንጉርጉር ሆኖ ነው የሚደርቀው፤ ሰው ሁሉ የሚሸነፈውና ቀለሙን የሚያወፍረው እዚህ ነው።
5. ምስክሩ ሲደርቅ ሁለተኛውን ዙር በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀቡ፤ ከዚያ ሦስተኛውን። በኮምቦልቻ ደረቅ ወራት በዙሮች መካከል አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ በደሴ ክረምት ግን ከአራት ሰዓት በታች ወርጄ አላውቅም።

የጎማዎቹን ላስቲክ ለመቀባት ጥቁር ግራጫ ያዘጋጁ እንጂ ድፍን ጥቁር አይጠቀሙ። ቀጭኑን ብሩሽ ባለበት ያቁሙና የጥርስ እንጨቱን በማዞር ጎማውን ያሽከርክሩት፤ እጅ ከሚከብበው ይልቅ ጎማው ሲዞር መስመሩ ቀጥ ይላል።

ቀለሙ ወፍሮ ዝርዝሩን ከደፈነ ሌላ ዙር አያድነውም። በአልኮል የሚቀጥን አክሪሊክ ከሆነ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጨርቅ ነክረው ቦታውን ይሸፍኑ፤ ሲለሰልስ በጥርስ ብሩሽ ፈትገው ያስለቅቁና ከደረጃ 7 ይጀምሩ። በዚህ ቦታ ቲነር ወይም አሴቶን ቢጠቀሙ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ታንኩንም ያጣሉ።

ደረጃ 9፦ ሰንሰለቱ

ከተቀቡ በኋላ ጎማዎቹን ያጣብቁ፤ በማጣበቂያው ቦታ ያለውን ቀለም አስቀድመው ይፋቁ፤ ማጣበቂያው ቀለም ላይ አይይዝም። ሰንሰለቱ የላስቲክ ከሆነ ጫፎቹን በሱፐር ግሉ ያገናኙና በጥቁር ክር በሁለት ጥልፍ ያጠናክሩት፤ መገጣጠሚያውን ከታች በኩል ያውሉት። ቲ-55 የላይኛውን ሰንሰለት የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች ስለሌሉት ሰንሰለቱ በመሬት ጎማዎቹ ራስ ላይ ተኝቶ በመካከላቸው ረገብ ይላል። ኪቱ የሚያወጣው ሰንሰለት ግን እንደ ከበሮ ጠፍር ይወጠራል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ጎማ ራስ ላይ አንዳንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርገው በጥርስ እንጨት ተጭነው ይያዙት።

ደረጃ 10፦ ቁጥሮችና ምልክቶች

በውሃ የሚላቀቀው ተለጣፊ ምልክት በሻካራ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይቀርና እንደ ብር ያበራል። ስለዚህ በቦታው ላይ አስቀድመው አብለጭላጭ ቫርኒሽ ቀብተው ያድርቁ። የእንጨት ዕቃ ቫርኒሽ እየቆየ ቢጫ ስለሚሆን አይጠቀሙ። ምልክቱን ቆርጠው ለብ ባለ ውሃ ለግማሽ ደቂቃ ይንከሩ፤ ከወረቀቱ በራሱ ሲንሸራተት ወደ ቦታው ይግፉትና በጥጥ ጫፍ ውሃውን ይምጠጡ። በብሎን ላይ አልቀመጥ ካለ በውሃ የቀጠነ አቼቶ በብሩሽ ይቀቡት፤ ያለሰልሰዋል። ካበራብዎ በመርፌ ጫፍ ጥቂት ቦታ ወግተው አቼቶውን ይድገሙ።

ደረጃ 11፦ ጥላና አፈር

ዋናው ቀለም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም የቆሸሸ ውሃ እስኪመስል ድረስ በአኳራጅ ያቅጥኑ። በክዳኖቹ ዙሪያና በብሎኖቹ ሥር በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ብቻ ያስነኩት እንጂ ታንኩን በሙሉ አያጥቡበት፤ አኳራጁ ባልተቀባ ፕላስቲክ ላይ ሲጠራቀም መጋጠሚያዎችን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በአኳራጅ በረጠበ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ።

ለአፈሩ ሱቅ አያስፈልግም። ደረቅ አፈር ወቅጠው በሻሽ ይንፉት፤ እንደ በርበሬ የደቀቀው ብቻ ይጠቅማል፤ በ1/35 ልኬት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ድንጋይ ትመስላለች። የደሴ ዙሪያ ጥቁር ዋልካ ለእርጥብ ጭቃ ይስማማል። አፈሩን በውሃ ከቀጠነ ኮላ ጋር ለውሰው በጎማዎቹ መካከልና በቀፎው የታችኛው ጎን ይቀቡ፤ ደረቁን ዱቄት ደግሞ በጭቃ መከላከያዎቹ ላይ በደረቅ ብሩሽ ይነስንሱ። ወደ ጉልላቱ በወጡ ቁጥር ይቀንሱ። ያለ ልክ ከበዛብዎ ኮላው ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ይነሣል።

ደረጃ 12፦ መዝጊያ ቫርኒሽና ማጓጓዝ

የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በምስክሩ ላይ ሞክረው በሁለት ስስ ዙር ይቀቡ። የመብራት መስታወቶቹን ከዚህ በኋላ ይለጥፉ፤ አለበለዚያ ይደበዝዛሉ።

ታንኩን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላይ የሚወስዱ ከሆነ ጉልላቱን ነቅለው ለብቻ በጥጥ ይጠቅልሉት፤ በሐረጎ ጥምዝ ላይ መጀመሪያ የሚሰበረው አፈሙዙ ነው። ቀፎውን ጠባብ የጫማ ካርቶን ውስጥ በሆዱ አስቀምጠው በጎንና በጎኑ የተጨማደደ ጋዜጣ ይጎስጉሱ፤ ከላይ ምንም አይጫኑበት። ካርቶኑን ጭንዎ ላይ ይያዙ እንጂ በሚኒባሱ የፊት መስታወት ሥር አያስቀምጡት፤ የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ቀጭኖቹን ክፍሎች ያጣምማል። ሲደርሱ ታንኩን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ቀጭን ወረቀት በዐሥሩም ጎማዎች ሥር አንድ ጊዜ ያሳልፉ፤ የተላቀቀ ጎማ ካለ በሱፐር ግሉ ጠብታ መልሰው ይጠግኑት።